እናቴ ከአገር ቤት መጥታ «የልጁን እንጥል መች ነው የምታስቆርጡት?» አለችን

ሰፈረ_ሰላም (ሰኞ፣ ማታ 2፡15)

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለቤቴ ከወለደች ዛሬ 16 ቀኗ ነው። ወንድ ልጅ፣ 3 ኪሎ ከ200። እናቴ ልታርሳት ከጎጃም መጣች። ቅቤውን፣ በሶውን፣ የገንፎ እህሉን ተሸክማ። ቤቱ ሞቀ። እኔም በአራስ ስም ገንፎ እየበላሁ ወፍሬያለሁ።

ትናንት ልጁን ጉንፋን ቢጤ ያዘው። እየጠባ ትን አለው። እማዬ ብድግ አለች። አገጩን ያዝ አድርጋ አፉን ከፈተች፣ ወደ መስኮቱ አዞረችውና «ይኸው! እንጥሉ ወርዷል። መች ነው የምታስቆርጡት?» አለች። ልክ የክትባት ቀጠሮ እንደሚጠየቅ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ቀርቷል» አልኳት።

«የት ነው የቀረው? አንተን አስቆርጬህ አይደል ወይ ቆመህ የምትሄደው?»

መልስ አጣሁ። በእርግጥ ቆሜ እሄዳለሁ። ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በስልኬ መብራት ጉሮሮዬን አየሁት። 38 ዓመቴ ነው። እንጥል እንደሌለኝ ያወቅሁት ያን ማታ ነው።

አሁን ነገሩ ከሯል። እማዬ ዘመድ ጠይቃ የአንዲት ቆራጭ ስልክ አግኝታለች። እኔ ሥራ ስሄድ ባለቤቴን «ልጁን ከእቅፍሽ እንዳታወርጂ» ብያት ነው የምወጣው። በገዛ እናቴ ላይ! ልጁን ከእኔ ይልቅ የምትወደው እሷ ናት፣ ሌሊት ሦስቴ እየተነሣች ትንፋሹን ታዳምጣለች። ሳላስቀይማት ምን ብዬ ላስረዳት?

አራስ_ቤት

ለባለቤትህ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ።

ወንድሜ፣ ልጁን ብቻውን አትተወው። እኔ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ በ12ኛው ቀን ገላዬን ልታጠብ ገባሁ። ስወጣ ልጄ የአማቴ ጭን ላይ ነች፣ የማላውቃቸው ሴትዮ እጃቸውን እየታጠቡ ነው። የልጄ አንገት ልብስ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ደም አለች። አማቴ ፈገግ ብላ «አለቀ፣ ገላገልንሽ» አለችኝ። ውለታ መሆኑ ነው። እኔም ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ደሙ አይደለም፣ ያ ምስጋና ነው።

ባህሌ_ክብሬ

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ መድረክ ላይ ያለን አብዛኞቻችን ተቆርጠናል። ማን ሞተ? አያቶቻችን ያለ ሆስፒታል ስንቱን ልጅ አሳደጉ። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣን ነገር በሁለት ቀን ንባብ «ጎጂ ልማድ» ማለት አሁን ፋሽን ሆኗል። እናትህ ከአንተ ትበልጣለች። ልጅ አሳድጋለች፣ አንተ ገና ጀማሪ ነህ።

ነጭ_ጋዎን (ሰኞ፣ ማታ 4፡10)

@ባህሌ_ክብሬ፣ የሞተው እዚህ መጥቶ አይጽፍም።

ነርስ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። አንድ ጊዜ ብቻ ልጻፍና እተወዋለሁ፣ ምክንያቱም ቀን ሙሉ ስለዚህ ነው የማወራው።

እንጥል ትርፍ ሥጋ አይደለም። ስንውጥ ምግቡ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ከላንቃ ጋር ሆኖ ያግዛል፣ ድምፅ ስናወጣም ሥራ አለው። ጉንፋን ሲይዝ ሊያብጥና ሊቀላ ይችላል። እናቶች «ወረደ» የሚሉት ያንን ነው። ፈንድቶ ልጅ አይገድልም።

ቁርጡ ግን ይገድላል። ባልተቀቀለ ምላጭ ወይም ክር የአራስ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ መድማት አለ፣ መመርቀዝ አለ፣ መንጋጋ ቆልፍ አለ። አንድ ምላጭ ለስንት ልጅ እንደሚዞር ካሰባችሁ ደግሞ ኤችአይቪና የጉበት በሽታም አለ። በተቆረጠ በሳምንቱ የመጣ ልጅ አይቻለሁ። አፉ አይከፈትም። እናቱ ጡቷን ከንፈሩ ላይ ታደርጋለች፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጠባም። በር ሲዘጋ በሚሰማው ድምፅ መላ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይገተራል። ይህን ካየሁ በኋላ «ባህል ነው» ሲሉኝ ትዕግሥቴ አጭር ነው፣ ይቅርታ።

@ሰፈረ_ሰላም፣ አሁን ለአንተ። ልጅህ አፍንጫው ስለተደፈነ ነው ትን የሚለው። ከመጥባቱ በፊት አፍንጫውን አጽዱለት። መጨነቅ ያለብህ ሌላ ቦታ ነው። ልብሱን ገልጠህ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠር። ከ2 ወር በታች ላለ ልጅ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ አልጠባም ካለ፣ ወይም ካተኮሰው በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ውሰደው። እናትህ የምትፈራው በሽታ በእርግጥ አለ። ስሙ ግን እንጥል አይደለም። የሳንባ ምች ነው፣ ትክትክ ነው፣ ዘጊ አናዳ ነው። ዘጊ አናዳ ማለት ራሱ ጉሮሮ የሚዘጋ ማለት እኮ ነው! ለእሱና ለትክትኩ መከላከያው በ45ኛው ቀን ጭኑ ላይ የሚወጋው ክትባት ነው።

እንጥል_አልባ

ከሲያትል ነው የምጽፈው። ስሜን አይታችሁ ሳቁ።

እዚህ በመጣሁ በዓመቴ ጉሮሮዬን አሞኝ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ዱላዋን ምላሴ ላይ ጫን አድርጋ «አአአ በል» አለችኝ። አልኩ። ዝም አለች። መብራቱን አስጠጋች። ወጥታ ሌላ ሐኪም ይዛ መጣች። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው አፌ ውስጥ ያያሉ፣ እኔ «አአአ» እያልኩ ነው። በመጨረሻ በአክብሮት «ቀዶ ጥገና ተደርጎልህ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። እንጥሌ ዱብ አለ እንዳልል እንጥል የለኝም።

ለእናቴ ደውዬ ስነግራት «ታዲያ ምን አሉ? አዳነችህ አላሉም?» አለችኝ። እስከ ዛሬ የዚያን ሰውዬ ስም በጸሎት ታነሣለች፣ የቆረጠኝን ማለቴ ነው።

ነታንያ_83

እኛ በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የመጣን ነን። የእኛ ቤት ጉድ እንጥል ሳይሆን ግግ ነው። ታናሽ ወንድሜን የጥርስ ሐኪሟ ራጅ አነሣችውና ክራንቻዎቹ የሉም አለች። ከጎናቸው ያሉትም ጠመው ነው የወጡት። እናቴን ብትጠይቃት፣ «ሕፃን ሆኖ ተቅማጥ ያዘው፣ ድዱ አብጦ ነበር፣ ግጉን አስነቀልነው» አለች። በምን? በወስፌ። የወተት ጥርሱ ገና ከድዱ ሳይወጣ ቆፍረው ነው ያወጡት። ከሥሩ ያለው ዋናው ጥርስም አብሮ ተጎዳ። እዚህ ያሉ የጥርስ ሐኪሞች በእኛ ልጆች ላይ ጥናት ጽፈውበታል።

አንድ የሚገርመኝ ነገር ግን አለ። የሴት ልጅ ግርዛት እኛ ዘንድ አገር ቤት ሳለን ነበረ፣ እዚህ ሲመጣ ቀረ። እናቶቻችንን ሰብስቦ ያስተማራቸው፣ ሰልፍ የወጣ ሰው አላስታውስም። አንዲት አክስቴን «ለምን ተዋችሁት?» ብላት፣ «ማን ይጠይቀናል እዚህ?» አለችኝ። በእኔ ግምት ልማዱን የያዘው እምነት አልነበረም፣ የጎረቤት ዓይን ነበር።

ቁጥር_ወዳድ

@ባህሌ_ክብሬ «ማን ሞተ?» ላለው።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከ6 ልጅ አንድ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ከ6ቱ 5ቱ ይተርፋሉ። ስለዚህ ቆራጭ ሆኜ ባልቆርጥ፣ ልጁ ግንባር ላይ እፍ ብዬ ብሸኘው እንኳ፣ ከ6 እናት 5ቷ «ልጄን አዳነልኝ» ትላለች። እንዲህ ያለ ገበያ የት ይገኛል?

በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በመሃል ክትባት ተስፋፋ፣ ከ1995 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ቀበሌ ድረስ ገቡ። የአያቶቻችን ምላጭ የተለየ ስለት አላወጣም።

አንቀጽ_ቆጣሪ

ለማወቅ ያህል፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ለጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ከአንቀጽ 561 ጀምሮ ነው። የሴት ልጅ ግርዛት 565 ላይ ነው፣ ቢያንስ 3 ወር እስራት ወይም ቢያንስ 500 ብር። መስፋት ካለበት 566፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት። ግን ሃያ ዓመት ሆነው፣ በዚህ ምዕራፍ የተከሰሰ ሰው አጠገባችሁ አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ማን ማንን ይከሳል? ምስክሯም፣ ተከሳሿም፣ ገንፎ ያገነፋችውም አንድ ቤት ናቸው።

አራስ_ቤት

እሱ ነው ነገሩ። @ነታንያ_83 ያልሽውን ሳነብ ሌሊቱን አልተኛሁም። (ወንድ ከሆንክ ይቅርታ።)

እስቲ በእናት ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ካስቆረጥሽና ልጁ ከሞተ «እግዚአብሔር ወሰደው» ይባላል። ሰው ሁሉ አብሮሽ ያለቅሳል። ካላስቆረጥሽና ልጁ ከሞተ፣ በተቅማጥም ይሙት በወባ፣ «እሷ ናት፣ እንጥሉን አላስቆርጥም ብላ» ይባላል። ለቅሶ ላይ ሳይቀር። ታዲያ የትኛዋ እናት ናት ያን ሸክም የምትችለው? እኔ ዝም ያልኩት አምኜበት አይደለም።

ዱራሜ

ከከምባታ ነኝ። እኛ ጋ የነበረው የሴት ልጅ ግርዛት ነው። እንደሱ ያለ ነገር አይቀርም የሚባልበት አገር ነበር። ያልተገረዘች ባል አታገኝም፣ በቃ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእህቷ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1997 ማኅበሯን ስታቋቁም «ተዉ» ብላ አልጀመረችም። ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠየቀች። ድልድይ አሉ። ድልድይ አሠራች። ከዚያ ነው ቁጭ ተብሎ ማውራት የተጀመረው። ሽማግሌውም፣ ገራዧም፣ ወጣቱም አንድ ላይ፣ ወራት ሙሉ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ ተዳሩ። ሙሽራዋ አንገቷ ላይ ጽሑፍ አንጠልጥላ፣ «አልተገረዝኩም» ብላ። ሙሽራውም እንደዚያው፣ ያልተገረዘች በማግባቴ ደስ ብሎኛል ብሎ። @አራስ_ቤት እንዳለችው ነው፣ አንዷ ብቻዋን ከወጣች ትሰበራለች። ሁሉም እየተያዩ መውጣት አለባቸው። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አረፈች፣ ነፍሷን ይማር።

የቆራጩ_ልጅ (ሐሙስ፣ ሌሊት 7፡40)

ይህን ክር ሦስት ቀን ሳነበው ነበር። እዚህ የተመዘገብኩት ለዚህ ብቻ ነው። አባቴ እንጥል ቆራጭ ነበር።

ቤታችን ከገበያው መንገድ ዳር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶች ይመጣሉ። ልጅ ያዘለችው ከፊት፣ አማቷ ከኋላ። አባቴ ደጅ መደቡ ላይ ይቀመጣል። መሣሪያው ቀጭን ሸምበቆ ናት። የፈረስ ጭራ እጥፍ ተደርጎ በውስጧ ያልፍና ጫፏ ላይ ቀለበት ይሠራል። ምላሱን በማንኪያ እጀታ ይጫናል፣ ቀለበቷን ያስገባል፣ የጭራውን ጫፍ ሳብ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እስክትል አይቆይም። ጭራውን በአረቄ ጠረግ ያደርገዋል፣ አረቄ ካለ።

የእኔ ሥራ ጭንቅላት መያዝ ነበር። የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ነኝ። የአራስ ጭንቅላት በሁለት መዳፍ መሃል ሲሆን ልቡ በአናቱ ላይ ሲመታ ይታወቃል። ከዚያ ጩኸቱ ይመጣል፣ ከዚያ የሚያንኮራፋ የመሰለ ድምፅ፣ ከዚያ አማቲቱ «ተመስገን» ትላለች። እኔም ኩራት ይሰማኝ ነበር። በሰፈር ልጅ መሃል «የሐኪሙ ልጅ» ነኝ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን መጻፍ አለብኝ። ሌሊት ከጠሩት በዝናብ ይሄዳል። ድሃ ከሆነች አይቀበልም። ልጅ በማግሥቱ ከሞተ ለቅሶ ይደርሳል። ሰዎቹም አይቀየሙትም፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ አንድ ቃል አለችው፣ «ዘግይታችሁ አመጣችሁት፣ እንጥሉ ቀድሞ ፈንድቷል።» እነሱም «እውነትህን ነው» ይላሉ። እናትየዋ ራሷን ትረግማለች። ልጁ ከተረፈ አባቴ አዳነው፣ ልጁ ከሞተ እናቱ ዘገየች። አባቴ የሚሸነፍበት መንገድ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ታላቅ እህቴ እኛ ቤት ወለደች። በዘጠነኛው ቀን አባቴ የልጅ ልጁን ቆረጠ። የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጁ ወዲያው ዝም አለ፣ ተኛ። ሁሉም ደስ አለው። ሌሊቱን ሙሉ ይውጣል። አፉ ላይ ምንም የለም፣ ጉሮሮው ብቻ ይንቀሳቀሳል። የራሱን ደም ነበር የሚውጠው። ንጋት ላይ አስመለሰው፣ እንደ ቡና አተላ ጥቁር። ጤና ጣቢያው ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እህቴ ደረቷ ላይ አድርጋው ሮጠች። ወንዙን ሳትሻገር ተመለሰች።

ለቅሶ ላይ ሰዎች አባቴን ያጽናናሉ። «አንተማ የምትችለውን አድርገሃል» ይሉታል። አንዱ ሽማግሌ «ዘግይቶ ይሆናል» አለ። አባቴ ቀና ብሎ አየውና «የት ሆኖ ነው የሚዘገየው? እዚሁ እኮ ነው የተወለደው» አለ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሲናገር አልሰማሁም።

ሸምበቆዋን አላቃጠላትም፣ አልጣላትም። ግድግዳው ላይ ተሰክታ ቀረች። ሰው ሲመጣ «ዓይኔ ደክሟል» ይላል። «ልክ አልነበረም» ብሎ አያውቅም፣ እስኪሞት። እናቶቹም ወደ ማዶ ሰፈር ወዳለው ቆራጭ መሄድ ጀመሩ። አሁን እህቴ አምስት ልጆች አሏት። አንዳቸውንም አላስቆረጠችም፣ ለምን ብለው የሚጠይቋትንም መልስ አትሰጥም።

ነጭ_ጋዎን

ይህን ስለጻፍክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ ቃል የለኝም።

ባህሌ_ክብሬ (ቅዳሜ)

እኔ የጻፍኩትን አልሰርዝም፣ ይቆይ። ግን ትናንት እናቴ ጋ ደወልኩ። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች እንደነበሯት አውቃለሁ፣ ምን ሆነው እንደሞቱ ግን ጠይቄ አላውቅም። እኛ ቤት አይወራም። ጠየቅኋት። «እንጥል ነው» አለችኝ። «አላስቆረጥሻቸውም ነበር?» አልኳት።

«አስቆርጫቸዋለሁ። ግን ዘግይቼ ነው» አለች።

እንጥል_አልባ

ወይ ጉድ።

ሰፈረ_ሰላም (ከአንድ ወር በኋላ)

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ነው። ልጁ ደህና ነው፣ እንጥሉም ቦታው ላይ አለ።

ክርክሩን ተውኩት። በክርክር እናቴን አሸንፌ አላውቅም። የ @የቆራጩ_ልጅን ጽሑፍ ግን ቡና ስታፈላ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማች። ስጨርስ ሲኒውን አጥባ ሳታበቃ «ያቺ ልጅ ወንዙን ሳትሻገር» አለችና ማጠቡን ቀጠለች። ስለ ቆራጯ ስልክ ከዚያ ወዲህ አላነሣችም። አምና ነው ወይስ እኔን ፈርታ፣ አላውቅም።

በ45ኛው ቀን ለክትባት ስንሄድ አብራን መጣች። ተረኛዋ ነርስ በእድሜ ገፋ ያለች ናት። እማዬ መርፌውን ትታ «ልጄ፣ የዚህን ልጅ እንጥል እስቲ እይልኝ» አለቻት። ነርሷ አልተቆጣችም። ልጁን አየችው፣ «ደህና ነው እናቴ» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ የራሷን አፍ ከፈተችላት። «የእኔንም ይዩት።» አዲስ አበባ የተወለደች ናት፣ አልተቆረጠችም። እማዬ መነጽሯን አስተካክላ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ይህን ሁሉ ይዘሽ ነው የምትተነፍሺው?» አለቻት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ ብቻ ነው ያለቀሰው፣ መርፌው የገባው ያኔ ነው።

አሁንም ሌሊት ሦስቴ ትነሣለች። ትናንት ልጁ አስነጠሰው። እኔ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ እሷ ስልኳን አብርታ አጠገቡ ደርሳለች። አገጩን ያዝ አድርጋ አየች። መብራቱን አጥፍታ በጨለማው «አለ፣ ተኛ» አለችኝ።